አባባ ያበረሯት ግላይደር

መስከረም 18

ለወንድሜ፤ ባለህበት ጤናና ሰላም አይለይህ። እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ምላሳቸው ደግሞ ከሳቸው የበለጠ ደህና ነው።

ዕቃው ደርሷል። ካርቶኑ በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ ሳየው ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ሁለቱም ሪሞቶች ግን ጭረት እንኳ የላቸውም። አባባ አንዱን ተቀብለው ዳበሱት፣ ክብደቱን መዘኑት፣ ይባስ ብለው አሸተቱት። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው! አባቱን የሚያውቅ!» አሉ። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ከፖስታ ቤት ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ የከፈትኩት እኔ። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

እንደጻፍክልኝ አደረግሁ። እሜቴን፣ ያቺን ክንፏ ከአልጋ የሚረዝመውን፣ ሰው ሳይሳፈርባት በነፋስ ብቻ የምትንሳፈፈውን የአባባን ግላይደር፣ ከእኔ ሪሞት ጋር አገናኘኋት። የአባባ ሪሞት የሚያወራው ከእኔው ሪሞት ጋር ብቻ ነው። በእኔ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ ስይዝ የሳቸው እጅ ይሠራል፤ ስለቅ እኔ አበርራለሁ። የሳቸው መብራቱም ይበራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ስለዚህ የሚጠረጠር ነገር የለውም። በእኔ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው ሲሉኝ «መጠባበቂያ ነው» አልኳቸው። ሐኪሙ እንዳለው ዓይናቸው የጠፋው መሃል መሃሉ ነው። በጎን በጎን ጥላ ያያሉ፣ ግድግዳ ሳይነኩ ይሄዳሉ፤ ሰማይ ላይ ያለች ግላይደር ግን እንዴት ብለው ያያሉ?

እሁድ ከሸክላ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣን። የጥርስ ሐኪሙና ጠበቃው እንደ ወትሮው የራሳቸውን ግላይደሮች ይዘው መጥተዋል። ነፋሱ ከታች ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይመጣ ነበር። እኔ ወረወርኳት፣ ወዲያው ሪሞቴን ያዝኩ። ከፍ ካለች በኋላ ቁልፏን ተጫንኩላቸው። ትንሽ አንገዳገዷት፤ ሳይብስባት መልሼ ወሰድኩ። «አየሽ አይደል? እጄ እንደሆነ አልረሳም!» አሉኝ። ጥሩ ነው አልኳቸው። «አንቺ ዝም ብለሽ ተመልከች፤ ያንቺ እጅ ለካውያ ነው የተፈጠረው።» የልብስ ንጽህና ቤት ተቀጥሬ ስተኩስ መዋሌን ነው። የክንፏን ስስ ፕላስቲክ በዚያው ካውያ እየተኮስኩ የማለብሳት እኔ መሆኔን ረስተውት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጭራዋን የምታዞረው ትንሿ ሞተር፣ ሰርቮዋ፣ ጥርሷ ተበልቷል። ከቻልክ አንድ ላክልኝ። ለአባባ የምትጽፈውን ደግሞ በተለየ ወረቀት አድርገው። ታውቃቸዋለህ፤ እኔ ካነበብኩላቸው በኋላ እሁድ ለጥርስ ሐኪሙ ሰጥተው እንደገና ያስነብባሉ። «ይቺ ልጅ ዘላ ይሆናል» ይላሉ፣ እዚያው በፊቴ። ስልክ እንደሁ አይወዱም፤ በስልክ ማንም ይዋሻል ባይ ናቸው።

ሥራህስ? ባለፈውም ጠይቄህ ዝም አልከኝ።

ለቃሚዋ እህትህ

(ስሙን አልረሳኸውም መቼም። አንተ «ጭልፊቱ» ስትባል፣ አንተ የሰባበርከውን ከእሾህ ውስጥ እየለቀምኩ ስለማመጣ አባባ ያወጡልኝ ነው።)

ኅዳር 3

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፤ ሰላምታዬ በናፍቆት ተሞልቶ እቤትሽ ደጃፍ ድረስ ይግባ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እንባዬ መጣ። አባባ እንደገና ጉብታው ላይ ቆመው ታየኝ። እታለም፣ ያደረግሽው ነገር ጽድቅ ነው። ሰው በእርጅናው የሚወደው ነገር ሲወሰድበት ምን ይቀረዋል? አደራሽን፣ በምድርም በሰማይም አደራ፣ እንዳይሰሙ። ጠበቃውንና የጥርስ ሐኪሙንም አደራ በይልኝ።

እኔም እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከክለቡ ልጆች ጋር አበርራለሁ። የእነሱ ግላይደር በፋብሪካ የተሠራ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነው፤ ነገር ግን የአባባን የመሰለ ክንፍ የለም። ሁሌ እንዲህ እላቸዋለሁ። የክንፉን ቅርጽ በወረቀት ላይ አንሺና ላኪልኝ፤ ሊያዩት ጓጉተዋል። ደግሞ አባባ ሲያበርሩ በስልክሽ አስቀርጪልኝ፣ ፊታቸው እንዲታይ አድርገሽ። አንቺ ከኋላ ስለምትሆኚ እንዳትገቢበት ተጠንቀቂ፤ አንገትሽ ላይ ያለው ሪሞት ከታየ ክለቡ ነገሩን ያውቃል።

ሰርቮዋን ፈልጌ እልካለሁ። ሥራ መቼም ሥራ ነው፣ ምን ይወራለታል። ለአባባ የጻፍኩት በሌላው ወረቀት ላይ አለ፤ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።

ታናሽ ወንድምሽ

ኅዳር 27

ለወንድሜ፤ ሰላምህ ይብዛ፣ ከክፉ ይሰውርህ። እኛ አለን።

የክንፉን ቅርጽ በትልቅ ወረቀት አንስቼ ልኬልሃለሁ። ቪዲዮውንም በጥርስ ሐኪሙ አስቀርጬልሃለሁ። አልገባሁበትም፣ አትጨነቅ። ጥላዬ ብቻ ሣሩ ላይ ወድቃለች፤ እሷን ለክለብህ ልጆች ዛፍ ናት በላቸው።

የአባባ ነገር ግን መልኩን እየቀየረ ነው። ዓይናቸው አሁን ጨርሶ ደክሟል። እኔም ቁልፏን መጫን ትቻለሁ። አንድ ሁለቴ ብሰጣቸው አፍንጫዋን ደፍተው ሊከሰክሷት ነበር። ስለዚህ ከመነሳት እስከ ማረፍ ሙሉ በሙሉ የማበርረው እኔ ነኝ። እሳቸው ወደ ግራ ሲገፉ እኔ ወደ ቀኝ አዞራለሁ፤ እሳቸው ፊታቸው ወደ ፀሐይ፣ ግላይደሯ ደግሞ በሌላ በኩል። ሰው ይስቃል። ጠበቃውማ ጓደኞቹን እየጋበዘ ማምጣት ጀምሯል። «አባባ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይገልብጧት!» ይላቸዋል። እሳቸው እጃቸውን ያሽከረክራሉ፤ እኔ ካልገለበጥኳት እንዳያፍሩ ብዬ እገለብጣታለሁ። ከዚያ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ከኋላ ደግሞ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። እንዴት እንደሚያንገበግበኝ ልነግርህ አልችልም።

ባለፈው እሁድ ግን ልንገርህ። ነፋሱ ሞቶ ነበር። የጥርስ ሐኪሙም ጠበቃውም ወርውረው ወርውረው ወዲያው እያረፉባቸው ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠዋል። እኔ አሞራዎቹ ከሸክላው ምድጃ በላይ ሲዞሩ አየሁ። ሽቅብ የሚነሳ ሞቃት አየር አለ ማለት ነው። እሜቴን ወደዚያ ሰደድኳት፣ በአንድ ክንፏ ዘንበል አድርጌ ከአሞራዎቹ ጋር አዞርኳት። ወጣች፣ ወጣች፣ ወንድሜ ሙት ከአሞራዎቹም በላይ ወጣች! ጠበቃው እንኳ መሳቁን ትቶ ቆሞ አየ። አንገቴ እስኪደነዝዝ አቆየኋትና እግራቸው ስር ሣር ሳትቆርጥ አሳረፍኳት። ሁሉም አጨበጨበ፤ ያን ጊዜ የምር ነበር። ማንን እያዩ እንደሚያጨበጭቡ አውቃለሁ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

አባባ ምን አሉ መሰለህ? ዞረው፣ እኔ የሌለሁበትን አቅጣጫ እያዩ፣ «ይኸውልሽ፣ ቢያንስ እያየሽ ተማሪ። ጭልፊቴ ቢኖር ይገባው ነበር» አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።

እኔ የምፈልገው ይህን ነው፣ በግልጽ ልንገርህ። ያቺን ቀን ያበረርኳት እኔ መሆኔን ይወቁልኝ። ከዚያ በኋላ ይሳደቡ፣ ግድ የለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ «እጅሽ ይባረክ» ይበሉኝ። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም። አንተን ግን ያምናሉ። በወረቀትህ ላይ ጻፍላቸው፤ የጥርስ ሐኪሙም ያነብላቸዋል፣ ዘላለች አይሉኝም።

ሰርቮዋ እስካሁን አልመጣችም። የድሮዋን በክርና በሙጫ ይዣታለሁ።

እህትህ

የካቲት 9

ለውድ እታለም፤ ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ የልብ ደስታ እመኝልሻለሁ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እታለም፣ አንቺ እኮ ታላቄ ነሽ፣ አስተዋይዋ። አሁን ምን ነካሽ? ይህን ብነግራቸው ዕለቱኑ ይሞታሉ። የገዛ አባታችንን ገደልን ማለት ነው። ለመሆኑ ቢያውቁ ምን ይጨመርልሻል? ለአንቺ የእሁድ መጫወቻ ነው፤ ለሳቸው ግን ነፍሳቸው ነው። ደግሞ አትቆጪኝና፣ እውነት እንነጋገር፤ ሁለት እጅ ያለው ሰው ሁሉ ተለማምዶ ማብረር ይችላል። ክንፏን ያሰቡት፣ የሠሯት እሳቸው ናቸው። አየሩ ጥሩ ሆኖ ነው፣ አንቺም ጥሩ ቦታ ላይ ቆመሽ ነው። ትዕግሥትሽን እግዚአብሔር ያየዋል።

ቪዲዮው ግሩም ነው። ለክለቡ ልጆች አሳየኋቸው፤ «አባትህ በዚህ ዕድሜው!» ብለው ጉድ አሉ። ሌላም ካለሽ ላኪልኝ።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። አባባ በመጨረሻ ባስጻፉሽ ወረቀት እሜቴን ለእኔ እንደሚሰጡኝ ገልጸውልኛል። ይህን በሕይወት እያሉ በሰው ፊት ቢሉት መልካም ነው፤ በኋላ በወንድምና በእህት መካከል ነገር እንዳይገባ። አንቺ አስታውሻቸው። ክንፎቿ የሚገቡበት ጠንካራ ሳጥንም ከአሁኑ ብታሠሪ። ምናልባት በክረምቱ ብቅ እል ይሆናል።

ሰርቮ የሚሸጠው ሱቅ ተዘግቷል። ሌላ እፈልጋለሁ።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ

መጋቢት 16

ለወንድሜ፤ ጤና ይስጥልኝ።

ነገሩ ፈነዳ። ስደውልልህ «የደወሉለት ደንበኛ አይገኙም» የምትለዋን ሴት ብቻ ነው የማገኘው፤ እሷን አማክሬያት ልጨርስ ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ እጽፍልሃለሁ።

ያልከኝን አስታወስኳቸው። ሞኝ ነኝ፣ በገዛ አፌ አስታወስኳቸው። እሁድ ጉብታው ላይ እሜቴ አየር ላይ እያለች፣ እኔ እያበረርኳት፣ እሳቸው በባዶ ሪሞታቸው እየታገሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስሙ! እሜቴን ለጭልፊቴ ሰጥቻለሁ። ስሞትም ሳልሞትም የሱ ናት» አሉ። ጠበቃው «ምስክር ነን» አለ። አፌን ማን ያዘኝ አልኩና «አባባ፣ ለእኔስ?» አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ ሕፃን ሆንኩ።

«ለአንቺማ ካውያ አለሽ! እሷን ብሰጥሽ እንደ ሸሚዝ አጣጥፈሽ ነው የምታስቀምጫት» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጠበቃውማ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ያቆምኳት ግላይደር ከራሴ በላይ እየዞረች፣ የሳቁብኝ እኔን ነው።

ቁልፏን ተጫንኩ። ተጫንኩና አልለቀቅኩም። እንኩ፣ የሚሰጧት እርስዎ ከሆኑ ይያዟት አልኩ በልቤ።

እጃቸው ሙሉ በሙሉ ወደፊት ተገፍቶ ነበር፤ ያን ጊዜ አፍንጫዋን ደፋች። እኔ ጣቴን ከቁልፏ ባነሳ አድናት ነበር። አየኋት፣ ጣቴን አላነሳሁም። እሳቸው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ከዚያ ታች በተከመረው ጥሬ ሸክላ ላይ ወረደች። የእንጨት ስብራት ድምፁን ታውቀዋለህ። ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው?» አሉ። «እሜቴ ናት፣ ወደቀች» አልኳቸው። «እንዴት ትወድቃለች? እኔ ይዣት!» አሉ። ልቤ ነዶ ነበር። «ስለያዟት ነው የወደቀችው። ዛሬ ብቻ ነው እርስዎ ያበረሯት። እስከ ዛሬ አንድም ቀን እርስዎ አልነበሩም።»

ፊታቸው አመድ ሆነ። ሪሞቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። የሚወድቁ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። ከዚያ ምን እንዳሉ ልንገርህ፣ ተቀመጥ። ፊታቸው ቀስ ብሎ በራ። «ልጄ!» አሉ። «ጭልፊቴ! ለካ እሱ ነው! ይህን ሪሞት የላከው ለዚህ ነው! ከዚያ ሆኖ ያበርርልኝ ነበር!»

«አባባ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ያበረርኩት። እዚህ፣ ከኋላዎ ቆሜ።» መጀመሪያ አልሰሙኝም። ስደግመው ሳቁ። «አንቺ?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ፣ በልጅነቴም ዳብሰውኝ የማያውቁት ሰውዬ። «አይዞሽ፣ ቅናት ነው» አሉኝ።

ጠበቃው ጫማውን ያያል። የጥርስ ሐኪሙ የራሱን ግላይደር ክንፍ ይፈታል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «እሷ ናት» አላለም። የምስክር ብዛት!

አሁን ሰርቮም አልፈልግም፣ ምንም አልፈልግም። አንድ መስመር ብቻ ጻፍ። «እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት» በል። እኔ እያነበብኩ ፈልስፌ ልላቸው እችል እንደነበር አስቤዋለሁ፣ አልዋሽህም። ግን እሁድ የጥርስ ሐኪሙ ያነበዋል፤ ከሌለበት ዕድሜ ልኬን ውሸታም ሆኜ እቀራለሁ። ካንተ እጅ መምጣት አለበት።

ተንበርክኬ እለምንሃለሁ።

እህትህ

ግንቦት 28

ለእታለም፤ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ለብዙ ጊዜ ብዕሩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ስልኬ የማይሠራው ስለተቋረጠ ነው፤ ለምን እንደተቋረጠ አትጠይቂኝ።

ስለ ሥራዬ ሁሌ ትጠይቂኛለሽ። እንግዲህ ስሚ። ከምድር በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪና አጥባለሁ። ገና ጎህ ሳይቀድ ወርጄ ከመሸ ነው የምወጣው። ሰማይ የማየው በዕረፍት ቀኔ ነው፣ የዚያን ቀን ደግሞ እተኛለሁ። ክለብ የሚባል ነገር የለም። ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ግላይደር በእጄ አልነካሁም። ሪሞቶቹን ያገኘኋቸው አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ረስቶ ትቷቸው ነው። ቪዲዮውን ያሳየሁት አብሮኝ ለሚያጥበው ሰው ነው። እሱም «አባትህ ደስ ይላሉ» አለኝ።

እታለም፣ እኔ እዚህ ስም የለኝም። አለቃዬ በቁጥር ነው የሚጠራኝ። በዚህች ዓለም ላይ «ልጄ» ብሎ የሚኮራብኝ አንድ ሰው አለ። አንቺ አባባ አሉሽ፣ ጉብታው አለሽ፣ እጅሽ አለሽ። የምር የምታበርሪው አንቺ ነሽ፣ ያንን ማን ይወስድብሻል? ለእኔ ስሙን ብቻ ተይልኝ። ስም ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

በሌላው ወረቀት ለአባባ ጽፌላቸዋለሁ። እንዳለ አንብቢላቸው። ባታነቢም የጥርስ ሐኪሙ ያነበዋል።

ወንድምሽ

(ለአባባ)

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፤ ጉልበትዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። እንደ ምንም ደብቄዎት ነበር፣ እርስዎ ግን ደረሱብኝ። አዎ አባባ፣ እኔ ነበርኩ። የላክሁልዎ ሪሞት ከዚህ ሆኜ ይታዘዝልኛል። እሁድ እሁድ ሁሉ አብሬዎት ነበርኩ። ከአሞራዎቹ በላይ ያወጣኋት ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የወደቀችው መስመሩ ተቋርጦብኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ያስተማሩኝን አልረሳሁም። እህቴንም እየወረወረች ስለረዳችን ያመስግኑልኝ። ልጅዎ ጭልፊቱ።

ሰኔ 24

ለወንድሜ፤ ሰላምታውን እንዳለ ቁጠርልኝ፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።

ወረቀትህን አነበብኩላቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ «ከአሞራዎቹ በላይ ያወጣኋት ቀን» የምትለዋንም ጭምር። ያን የጻፍኩልህ እኔ ነበርኩ፤ አንተ መልሰህ በእኔው አፍ አስነበብከኝ። ጎበዝ። «ድገሚው» አሉኝ፣ ደገምኩ። በሦስተኛው «አዎ አባባ፣ እኔ ነበርኩ» የምትለዋን ብቻ አስነበቡኝና ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ሳሙት። «እየወረወርሽ ስለረዳሽን እናመሰግናለን» አሉኝ። የታዘዙትን ፈጸሙ።

እሁድ የጥርስ ሐኪሙ አነበበላቸው። ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ጠረገ። «መልካም ደብዳቤ ነው» አለ። እሱም የማያውቀው ነገር የለም፣ አንተም የማታውቀው የለም፤ ሦስታችንም አንድ ሆነን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሞኘን።

እሜቴን ጠገንኳት። የተሰበሩትን የክንፍ አጥንቶች አንድ በአንድ ከአዲስ እንጨት ቆርጬ አስገባሁ፣ አዲስ አለበስኳት፣ በካውያ ወጠርኳት። አፍንጫዋ ውስጥ ለሚዛን የተደረገውን የእርሳስ ብረት ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ በሁለት ጣቴ ከክንፏ ስር ሳነሳት ሳትንቀጠቀጥ ቀጥ ብላ ቆመች። እንዲያ አሳምሬ ሠርቻት አላውቅም።

አባባ አገሩን ሁሉ ጠሩት። የጠበቃውን ጓደኞች፣ ጎረቤቱን፣ የሸክላ ፋብሪካውን ዘበኛ ሳይቀር። «ልጄ ከባሕር ማዶ ሆኖ ያበርራታል፣ ኑና እዩ» አሏቸው። ወንበር ተሸክመው የመጡ ነበሩ። አባባ የደህና ቀን ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ቆሙ፣ ሪሞታቸውን ይዘው። የኔን አብርቼ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። መጠባበቂያ ነዋ። ከዚያ ወረወርኳት።

ቀጥ ብላ ወጣች። ማንም አልነካትም፤ እንዲሁ በሚዛኗ ብቻ። የጥርስ ሐኪሙ ቶሎ ነቃ። ጆሮዬ ስር መጥቶ «ያዢው እንጂ! ሪሞቱን!» አለኝ። «የኔ ሥራ መወርወር ነው፣ ደብዳቤውን አንብበኸው የለ?» አልኩት። እሱ ራሱ ሊያነሳው ጎንበስ አለ፣ እግሬን አደረግሁበት። ቀና ብሎ ፊቴን አየና ተወኝ።

ሸለቆውን አቋረጠች። አባባ በጆሯቸው ይከተሏት ነበር፤ የክንፏ ፉጨት ሲርቅባቸው «አዙራት ልጄ!» አሉ። መጀመሪያ በቀስታ። ቀጥለው ጮኹ። «አዙራት እንጂ! ጭልፊቴ፣ አዙራት!» ላንተ ነው። ሰዉ ሁሉ ይሰማል፣ የሚስቅ የለም። ጎንበስ ብል ሪሞቱን እይዘው ነበር፣ እግሬ ስር ነው፤ በአንድ ጣት ትመለስ ነበር። በእጄ የሠራኋት ናት። አልጎነበስኩም። ከሸለቆው ወዲያ ሞቃት አየር አገኛትና ሽቅብ ወሰዳት፤ ነጥብ ሆነች፣ ከዚያ ነጥቧም ጠፋች።

«ወዴት ሄደች?» አሉኝ።

«ወደ ልጅዎ» አልኳቸው።

ቀጥሎ ፊታቸው እንደዚያ ቀን በራ፣ ከዚያም በላይ በራ። «እሱ ጠርቷት ነው» አሉ፣ ዞረው ለሰዉ ነገሩት። «ሰጥቼዋለሁ አላልኳችሁም? ወሰዳት!» ጠበቃው አጨበጨበ። ሌላው ሁሉ ተከትሎት አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ሪሞታቸውን ከእጃቸው አያስቀምጡም። በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጣሉ፣ ፖስተኛው ሲያልፍ በአካሄዱ ያውቁታል፣ ይነሳሉ። «ከልጄ ነው?» ይሉታል። ሰውየው አሁን በሌላ መንገድ መሄድ ጀምሯል። ምግብ ቀንሰዋል። ጠዋት ጠዋት «ደርሳ ይሆን?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ዛሬም ጠየቁኝ። እኔ የወረወርኩ እንጂ ያበረርኩ አይደለሁምና አላውቅም አልኳቸው። አንተ ታውቃለህ። ጻፍላቸው፣ የጥርስ ሐኪሙ ያነብላቸዋል።